ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጎን ከተጫነ በኋላ የሚከሰቱ የማስነሻ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ ቅጂ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ለኮምፒውተር ጥገና ክፍል የሚተው አነስተኛ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሁለት ዓመት የመስክ መረጃ፣ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍና የቃለ መጠይቅ ቅጂ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ በሚገኝበት ሁኔታ፣ ማሽኑ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ማለቱ የምርምር ጉዳይ ይሆናል።

ሁለት ስርዓተ ክወናዎችን በአንድ ማሽን ላይ ማኖር የቅንጦት ነገር አይደለም። በስሌት ሳይንስ፣ በዘረመል ጥናትና በአየር ንብረት ትንበያ የምንጠቀምባቸው በርካታ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ የተወለዱ ናቸው። በሌላ በኩል አንዳንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችና የቢሮ ቅጾች ዊንዶውስን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ተማሪው ሁለቱንም ይጭናል። ጭነቱ ይጠናቀቃል፤ ማሽኑ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲበራ ግን በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግዳ ጽሑፍ ብቻ ይታያል።

በዚህ ንግግር ላስጨብጥ የምፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ችግር ጊዜ በአብዛኛው የጠፋው ወደ መረጃው የሚወስደው መንገድ እንጂ መረጃው አይደለም። መረጃው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለቤቱ ደንግጦ «ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጫን» ባለ ጊዜ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ችኮላ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ ያስከፍላል። በሃርድ ዲስክ ላይ ግን አፍሶ መልቀም ሁልጊዜ አይቻልም።

አነሳስ ቅብብሎሽ ነው

ኮምፒውተር ሲበራ በአንድ ጊዜ አይነሳም። ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ቅብብሎሽ ሲሆን፣ አምስት ተረካቢዎች አሉት።

የመጀመሪያው ፈርምዌር ነው። ይህ በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ላይ በሚገኝ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲሆን፣ ከየትኛውም ስርዓተ ክወና በፊት ይሠራል። ሁለተኛው ቡት ሎደር ነው፤ በሊኑክስ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ግራብ፣ በዊንዶውስ ዘንድ ደግሞ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ይባላል። ሦስተኛው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ሊኑክስ ከርነል ሲነሳ ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች የያዘ ኢኒት-ራም-ዲስክ የሚባል ትንሽ ስንቅ አብሮት ይጫናል። አራተኛው አገልግሎቶችን በቅደም ተከተል የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው የይለፍ ቃል የምንጽፍበት የመግቢያ ገጽ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ለተከታዩ ማስረከብ ሲያቅተው፣ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ የምርመራችን የመጀመሪያ ጥያቄ «መጨረሻ ላይ የተናገረው ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል፤ ከተናጋሪው በፊት ያሉት ተረካቢዎች ሁሉ ደኅና መሆናቸውን አውቋልና።

ሁለት ዘመናት፣ ሁለት አሠራሮች

ወደ ስህተቶቹ ከማለፌ በፊት ለብዙው ግራ መጋባት ምክንያት የሆነ አንድ ታሪካዊ ልዩነት ማስረዳት ይኖርብኛል።

በአሮጌው አሠራር ፈርምዌሩ ባዮስ ይባላል። ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ ዘርፍ፣ ማለትም 512 ባይት ብቻ አንብቦ በዚያ የሚገኘውን ፕሮግራም ያስጀምራል። ከዚህ ውስጥ 446 ባይት ለማስነሻ ፕሮግራም፣ 64 ባይት ለአራት ክፋዮች ዝርዝር፣ የቀሩት 2 ባይት ለመለያ ምልክት ተመድበዋል። ቦታው ጠባብና አንድ ብቻ በመሆኑ ኋላ የመጣው ስርዓተ ክወና የፊተኛውን ማስነሻ ሽሮ የራሱን ይጽፋል። በዚያ ዘመን ዊንዶውስን እንደገና የጫነ ሰው ሊኑክስን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነበር። ሊኑክስ ግን በክፋዩ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ የተነቀለው ወደ እርሱ የሚያመለክተው ምልክት ብቻ ነው።

አዲሱ አሠራር ዩኢኤፍአይ ይባላል። ኢንቴል ኩባንያ የጀመረው ሲሆን፣ ከ2005 ጀምሮ በጋራ መድረክ ሥር ሲዳብር ቆይቷል። በዚህ አሠራር በዲስኩ ላይ የማስነሻ ፋይሎች ብቻ የሚቀመጡበት፣ በአብዛኛው በፋት32 የተዘጋጀ ልዩ ክፋይ አለ። ዊንዶውስ የራሱ ማህደር አለው፤ ኡቡንቱም የራሱ አለው። ማንም የማንንም ሳይሽር ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። በተጨማሪም ፈርምዌሩ በራሱ ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ «መጀመሪያ ይህን፣ እርሱ ባይሆን ያንን አስነሳ» የሚል የቅደም ተከተል ዝርዝር ይይዛል።

ችግሩ ብዙ ማሽኖች ሁለቱንም አሠራሮች መደገፋቸው ነው። ዊንዶውስ በአዲሱ አሠራር ተጭኖ ሳለ የሊኑክስ ፍላሽ በአሮጌው አሠራር ከተነሳ፣ ሊኑክስም በአሮጌው ይጫናል። ውጤቱም አንድ ቋንቋ የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶችን በአንድ ግቢ ማኖር ነው፤ በአሮጌው አሠራር የተነሳ ግራብ በአዲሱ ለተጫነ ዊንዶውስ ማስረከብ አይችልምና። ስለዚህ ከመጫን በፊት በዊንዶውስ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የተባለውን ገጽ ከፍታችሁ የባዮስ ሁኔታ በሚለው መስመር የትኛው እንደተጻፈ አረጋግጡ። በሊኑክስ ፍላሽ ከተነሳችሁ በኋላ ደግሞ «ሲስ» በተባለው ማህደር ውስጥ ባለው «ፈርምዌር» ሥር «ኢኤፍአይ» የሚል ማህደር ካለ፣ የተነሳችሁት በአዲሱ አሠራር ነው። በማስነሻ ምርጫው ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ብታዩ አትደነቁ፤ ዩኢኤፍአይ የሚል ቅጥያ ያለውን ምረጡ።

ምልክቶቹና ትርጉማቸው

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንለፍ።

*አንደኛ፦ ማሽኑ ምንም ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባል።* የተናገረው ፈርምዌሩ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ ቀድሟል ማለት ነው። ሊኑክስ አልጠፋም። ማሽኑ ሲበራ የማስነሻ ምርጫ ቁልፉን ተጭናችሁ የስርጭቱን ስም፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ የሚለውን ፈልጉ። ከተገኘ በፈርምዌሩ ማስተካከያ ገጽ ወይም በሊኑክስ ላይ ኢኤፍአይ-ቡት-ኤምጂአር በተባለው ትእዛዝ ቅደም ተከተሉን መቀየር ይበቃል። አንዳንድ የዊንዶውስ ማዘመኛዎች ይህን ቅደም ተከተል መልሰው ሊቀይሩት ስለሚችሉ፣ ድንገት ቢደገም የተለየ አደጋ ደረሰ ብላችሁ አትጨነቁ።

*ሁለተኛ፦ ግራብ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ግን በዝርዝሩ ላይ የለም።* ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን ፈልጎ የሚያገኘው ኦኤስ-ፕሮበር የተባለ ረዳት ነው። በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ጀምሮ ይህ ረዳት ለደኅንነት ሲባል ካልታዘዘ በቀር እንዳይሠራ ተደርጓል። መፍትሔው በግራብ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ረዳቱን የሚከለክለውን መስመር «ፎልስ» ብሎ መለወጥና በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕዴት-ግራብ የሚባለውን ትእዛዝ ማስኬድ ነው። ዊንዶውስን አጣሁ ብሎ እንደገና መጫን ፈጽሞ አያስፈልግም።

*ሦስተኛ፦ «ግራብ ሬስኪው» የሚል መጠበቂያ ይታያል።* እዚህ ላይ የተናገረው ግራብ ራሱ ነው፤ ነገር ግን የቀሩት አካላቱ የሚገኙበትን ክፋይ አላገኘም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ሰው በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ክፋዮችን ሰርዞ፣ ከፍሎ ወይም አስፍቶ የክፋዮቹ ቁጥር መለወጡ ነው። በዚህ መጠበቂያ ላይ የሚሠሩት ትእዛዞች ጥቂት ናቸው። «ኤልኤስ» ብላችሁ ክፋዮቹን ዘርዝሩ፤ አንድ በአንድም እየከፈታችሁ የግራብ ማህደር ያለበትን ፈልጉ። ሲገኝ በ«ሴት» ትእዛዝ ሥሩንና መንገዱን አመልክቱ፤ ከዚያም «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ቀጥሎም «ኖርማል» በሉ። የተለመደው ዝርዝር ይመጣል። ይህ ለአንድ ጊዜ የሚሆን መሻገሪያ ስለሆነ፣ ከገባችሁ በኋላ ግራብን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። «ሬስኪው» የሚለው ቃል ሳይኖር «ግራብ» ብቻ ከታየ ደግሞ አካላቱ ተገኝተዋል፤ የጎደለው የዝርዝር ፋይሉ ነው።

*አራተኛ፦ የደኅንነት ፖሊሲ ተጥሷል የሚል መልእክት ይታያል።* ይህ የሴኪዩር ቡት ድምፅ ነው። ሴኪዩር ቡት ፈርምዌሩ ታማኝ ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም እንዳያስነሳ የሚከለክል ጥበቃ ሲሆን፣ በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጋር ተስፋፍቷል። ዋና ዋና የሊኑክስ ስርጭቶች ሺም የሚባል በማይክሮሶፍት የተፈረመ ትንሽ ፕሮግራም ያስቀድማሉ፤ ሺም ግራብን መርምሮ ያሳልፋል። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ የደኅንነት ማዘመኛ ተጋላጭነት ያለባቸውን አሮጌ ማስነሻዎች የሚሽር መመሪያ በፈርምዌሩ ማስታወሻ ላይ አሰፈረ። መመሪያው ሁለት ስርዓተ ክወና ባላቸው ማሽኖች ላይ እንዳይተገበር ታስቦ ነበር፤ ሆኖም በብዙዎቹ ላይ ተተግብሮ ሊኑክስ አልነሳ አለ። መውጫው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ወደ ሊኑክስ መግባት፣ ሺምንና ግራብን ማዘመን፣ ከዚያም ጥበቃውን መልሶ ማብራት ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ስለ ቢትሎከር ጥቂት ቆይቼ የምናገረውን ስሙ።

*አምስተኛ፦ ከግራብ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።* ግራብ አስረክቧል፤ ከርነልም ተነስቷል። በተለይ የኤንቪዲያ ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የስዕል ካርዱ አሽከርካሪ ፕሮግራም ነው። በግራብ ዝርዝር ላይ የ«ኢ» ፊደልን ተጫኑ፤ «ሊኑክስ» በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን ጨምራችሁ ኤፍ10ን ተጫኑ። ለውጡ ለዚያ አነሳስ ብቻ ነው። ከገባችሁ በኋላ ተገቢውን አሽከርካሪ ጫኑ።

*ስድስተኛ፦ ከርነሉ ሥር የሆነውን ክፋይ መክፈት አቃተኝ ይላል።* ይህ በእኛ አገር ልዩ ትኩረት ይሻል። ከርነል በሚዘመንበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ በተለይ ባትሪ በሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ፣ ቀደም ብዬ ስንቅ ያልኩት ኢኒት-ራም-ዲስክ ሳይጠናቀቅ ሊቀር ይችላል። የማስነሻ ክፋዩ ሲሞላም እንዲሁ ይሆናል። በግራብ ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። አብዛኞቹ ስርጭቶች ቢያንስ አንድ አሮጌ ከርነል የሚያቆዩት ለዚህ ቀን ነው።

*ሰባተኛ፦ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ጥበቃ በኋላ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ይመጣል።* የተናገረው ሲስተምዲ ነው። ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ «ይህንን ክፋይ ክፈት» ተብሎ ታዟል፤ ክፋዩ ግን አልተገኘም ወይም አልተከፈተም። ብዙውን ጊዜ ክፋዩ ከዊንዶውስ ጋር በጋራ የምትጠቀሙበት ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርታፕ የሚባል አሠራር አለ፤ ማሽኑን ስታጠፉት ዊንዶውስ እምብርቱን በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሊኑክስም በእንቅልፍ ላይ ያለን ክፋይ ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይም ከነጭራሹ አይከፍተውም፤ ይህም መረጃው እንዳይበላሽ ሲል ነው። ፋስት ስታርታፕን ከዊንዶውስ ማስተካከያ ላይ አጥፉ። በኤፍስታብ ውስጥ ለጋራ ክፋዩ «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ብትጨምሩ ደግሞ ክፋዩ ባይገኝም ሊኑክስ ሳይቆም ይነሳል።

*ስምንተኛ፦ ዊንዶውስ ራሱ አልነሳ ይላል።* እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በሰማያዊ ገጽ ላይ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቃችሁ፣ ይህ ቢትሎከር ነው። ዲስኩ ተመስጥሯል፤ የማስነሻው ሰንሰለት መለወጡን ሲያይ «ባለቤቱ መሆንህን አረጋግጥ» ይላል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት ወይም በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ላይ ተቀምጧል። ቁልፉ ከሌለ ግን ማንም ባለሙያ ሊከፍተው አይችልም። በዚህ ንግግር ከጠቀስኳቸው ችግሮች ሁሉ መረጃን በእውነት ሊያሳጣ የሚችለው ይህ ስለሆነ፣ ሊኑክስን ከመጫን ወይም ሴኪዩር ቡትን ከመንካት በፊት ቁልፉን በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ።

ሁለተኛው፣ የማስነሻ መሣሪያው አልተገኘም የሚል ሰማያዊ ገጽ ነው። የሊኑክስ መጫኛ ዲስኩን ባላየው ጊዜ ሰዎች በፈርምዌሩ ላይ የዲስክ አያያዙን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይራሉ፤ ዊንዶውስ ግን ለለውጡ አልተዘጋጀም። ቅንብሩን ወደ ቀድሞው ስትመልሱ ዊንዶውስ ይነሳል። ትክክለኛው አካሄድ በመጀመሪያ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘዝ፣ ከዚያ ቅንብሩን መቀየር፣ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ ካስነሱት በኋላም ወደ መደበኛው መመለስ ነው።

የማዳን ቅደም ተከተል

ምልክቱ ምንም ይሁን ምን የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንድትጠብቁ አሳስባለሁ።

1. በዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ፤ ፎርማት አታድርጉ፤ የመጫኛውን «ዲስኩን አጥፋ» የሚል አማራጭ አትንኩ።
2. የስክሪኑን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መልእክቱን በትክክል ያልያዘ ሰው ሌላውን ማማከር አይችልም።
3. በሊኑክስ ፍላሽ ላይ ሳትጭኑ «ልሞክረው» በሚለው አማራጭ ተነሱ። ክፋዮቹን ለማንበብ ብቻ ክፈቱና ፋይሎቻችሁን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ።
4. መጨረሻ ላይ የተናገረው ማን እንደሆነ ለዩ።
5. ከዚያ በኋላ ብቻ ጠግኑ። ግራብን እንደገና ለመጫን ፍላሹ እንደ ተጫነው ስርዓት በአንድ ዓይነት አሠራር መነሳት አለበት። የሊኑክስን ሥር ክፋይና የማስነሻውን ክፋይ በየቦታቸው ከፍታችሁ፣ በ«ችሩት» ትእዛዝ ወደ ተጫነው ስርዓት ውስጥ ገብታችሁ ግራብን ትጭናላችሁ፤ ዝርዝሩንም ታድሳላችሁ።

ብዙዎች አምስተኛውን ከሦስተኛው ያስቀድማሉ። ጥገናው ቢሳካ ምንም አልሆነም ይባላል፤ ባይሳካ ግን ሊገለበጥ ይችል የነበረው ፋይል ከጥገናው ጋር ይሄዳል።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ጥያቄ፦ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘዋለሁ። ይህ የብልሽት ምልክት ነው?*

መልስ፦ አይደለም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። አገራችን ከዓለም አቀፉ መለኪያ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ በትክክል ሦስት ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን የሌላውን ልማድ እንዲከተል ማዘዝ ይበቃል።

*ጥያቄ፦ ችግሩ የዲስኩ የራሱ መበላሸት መሆኑን በምን እናውቃለን?*

መልስ፦ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ዲስኩ ጤነኛ ነው በሚል መነሻ ነው። ፈርምዌሩ ዲስኩን ጨርሶ ካልዘረዘረ፣ ዲስኩ ያልተለመደ የመንቋቋት ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፋይል ሲገለበጥ በተደጋጋሚ የንባብ ስህተት ከታየ ጉዳዩ ከቅብብሎሹ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ጥገና ሳትሞክሩ ማሽኑን አጥፍታችሁ ለባለሙያ አሳዩ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የቀረውን ሊያሳጣ ይችላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የማስነሻ ስህተት የሚያስፈራው ከቋንቋው እንግዳነት የተነሳ ነው። ቋንቋው ከታወቀ ግን መልእክቱ ቅብብሎሹ የት ላይ እንደቆመ በግልጽ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክሩን ሳይሰሙ ፍርድ መስጠት ዲስኩን ማጥፋት ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገሮችን ብቻ አድርጉ። የጽሑፋችሁን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አኑሩ፤ የቢትሎከር ቁልፋችሁን ፈልጋችሁ ጻፉ፤ አንድ የሊኑክስ ፍላሽ አዘጋጅታችሁ በመሳቢያችሁ አስቀምጡ። ሦስቱ ከተሟሉ ማሽናችሁ አልነሳ ያለበት ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ያስቀራችሁ እንደሆነ እንጂ ዓመታት የደከማችሁበትን ሥራ አይነጥቃችሁም።